ካሮዜሎ፤ የነጋዴ ማስታወቂያ የልጆች የመኝታ ደወል ስለ ሆነበት ዘመን

የነጋዴ ማስታወቂያ ገንዘብ ከኪስ ያወጣል ይባላል እንጂ ልጅ ያስተኛል ሲባል የሰማ ሰው ብዙ አይደለም። በኢጣልያ አገር ግን ሃያ ዓመት ያህል የቤተ ሰብ ሥርዐት በዚሁ ጸንቶ ኖሮአል። ራይ የተባለው የአገሩ ቴሌቪዥን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ማስታወቂያ አያሳይም ነበር። (ከዚህ በታች የሚነበቡትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1957 ዓ.ም. ከምሽቱ በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ «ካሮዜሎ» የተባለው ትርኢት ተከፈተ። መለከት ተነፋ፤ የትንሽ ቴያትር መጋረጃ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ተገለጠ፤ የኢጣልያ ከተሞችም በሥዕል ታዩ፤ ከዚያ በኋላ አጫጭር ጨዋታዎች ተከታትለው መጡ። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ አልገባምና ብዙ ሰው ቡና ቤት ተሰብስቦ ወይም ከጎረቤት ቤት ሄዶ ያይ ነበር።

ነገሩን ያሳመረው ሕጉ ነው። አንዱ ጨዋታ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ነጋዴው የዕቃውን ስም አንሥቶ እንዲያመሰግን የሚፈቀድለት ግን በመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ኢጣልያኖች ይህችን ቍራጭ «ትንሽ ጅራት» ይሏት ነበር። በቀረው ጊዜ ሁሉ ስለ ሳሙናው ወይም ስለ ዘይቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመልካቹን ማስደሰት ግዴታው ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ የታየ ጨዋታ ተመልሶ ስለማይታይ ሁልጊዜ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። ሁሉም ከመታየቱ አስቀድሞ ይመረመራል፤ በስቅለት ዓርብም ፈጽሞ አይታይም። እንግዲህ ነጋዴው ወደ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲገባ መጀመሪያ እጅ ነሥቶ፣ ተጫውቶ፣ ቤተ ሰቡን አስቆ፣ ጉዳዩን ሲወጣ በደጃፍ ላይ እንዲናገር ተገደደ ማለት ነው። በኛም አገር ጨዋ ሰው ጉዳዩን የሚያነሣው እንዲሁ ነው። ከዚህም የተነሣ ነጋዴዎቹ የአገሩን ታላላቅ ተጫዋቾች ፍለጋ ወጡ፤ ቶቶ የተባሉት ስመ ጥሩ የናፖሊ ቀልደኛ፣ ኋላም በ1997 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ዳሪዮ ፎ ሳይቀሩ በካሮዜሎ ታይተዋል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ለኛ ጣዕሙ የበለጠው የመርማሪው የሮክ ነው። ሲኞር ቼዛሬ ፖላኮ የሚባሉ ተጫዋች ባርኔጣቸውን ደፍተው የፖሊስ መርማሪ ሆነው ይቀርባሉ። ወንጀል ይሠራል፤ ሰው ሁሉ ግራ ይጋባል፤ ሮክ ግን ከትንሽ ምልክት ተነሥቶ ወንጀለኛውን ይይዛል። ረዳቱም ተደንቆ፣ «እርስዎ እኮ ከቶ አይሳሳቱም!» ይላል። ያን ጊዜ ሮክ፣ «እንዲህስ አይደለም፤ እኔም አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ» ብሎ ባርኔጣውን ሲያነሣ ራሱ እንደ ዕንቍላል የለሰለሰ መላጣ ሆኖ ይታያል፤ «ሊኔቲ የሚባለውን የጠጕር ቅባት ተቀብቼ አላውቅም» ይላል። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተመልካቹም መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ባርኔጣዋ እስክትነሣ ድረስ ይጠብቃል። ኢጣልያኖች ሹም የሆነ ሰው በመጨረሻ ራሱን ለሳቅ ሲሰጥ ማየት ይወዳሉ። (ከአንባብያናችንም መካከል ባርኔጣ የሚደፉ ሹማምንት ስላሉ ይህን አናስረዝመውም።)

ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ሲኞር ኤርኔስቶ ካሊንድሪ መኪና በሚተራመስበት መንገድ መካከል ጠረጴዛና ወንበር አስቀምጠው፣ ቺናር የሚባለውን የአርቲቾክ መጠጥ በርጋታ ሲጠጡ ይታዩ ነበር፤ መጠጡ የዘመኑን ኑሮ ድካም ይከላከላል ተባለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ደግሞ የቶሪኖው ሠዓሊ አርማንዶ ቴስታ ለላቫትሳ ቡና ነጋዴዎች ካርሜንሲታ የምትባል ሾጣጣ አሻንጉሊት ፈጥረው ነበር። ባለ ባርኔጣው ጐበዝ ፈልጎ ባገኛት ጊዜ የሚናገራት የፍቅር ቃል፣ ጋዙን አጥፍተሽ ነዪ የሚል ነው። ድስት የጣደች ሴት ወዳጇ መጣ ብላ እሳቱን ረስታ እንዳትሄድ አስቀድሞ ማስጠንቀቁ ትዳር የሚያውቅ ሰው ቃል ያስመስለዋል። ቡናው «ፓውሊስታ» በሚል የብራዚል ስም መሸጡን ግን ቡና ከምድሩ የበቀለበት አገር ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም።

ጨዋታዎቹ ሲያልቁ ልጆች ይተኛሉ። «ከካሮዜሎ በኋላ ወደ መኝታ» የሚለው ቃል በኢጣልያ ቤቶች እንደ ሕግ ሆነ፤ ያጠፋም ልጅ ካሮዜሎን ሳያይ ተኛ ይባል ነበር። እናት ጨርሶ አትከራከርም፤ መጋረጃው ሲዘጋ ቀኑ ያልቃል።

ልጅ ሊተኛ ሲል ያየው ነገር ከልቡ ቶሎ አይወጣምና የካሊሜሮን ነገር ማንሣት ይገባል። በ1963 ዓ.ም. ኒኖና ቶኒ ፓጎት የተባሉ ወንድማማች ሠዓልያን ከኢኛጽዮ ኮልናጊ ጋራ ሆነው፣ ሚራ ላንዛ ለሚባለው ሳሙና ሠሪ ፈጠሩት። ካሊሜሮ ጫጩት ነው፤ ግማሽ ቅርፊት እንደ ቆብ በራሱ ላይ ደፍቶአል፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ስለ ጠቈረ እናቱ እንኳ አላወቀችውም። በሄደበት ሁሉ ይገፋል፤ «እነሱ ትልልቆች ናቸው፤ እኔ ግን ትንሽና ጥቍር ነኝ፤ ይህ ግፍ ነው!» እያለ ያዝናል። በመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ በሆላንድ አገር ልብስ ያጌጠች ልጃገረድ ትመጣና፣ «አንተ ጥቍር አይደለህም፤ ቈሽሸህ ነው እንጂ» ብላ በሳሙናው ታጥበዋለች፤ ነጭ ሆኖም ይወጣል።

ልጆች እጅግ ወደዱት፤ የተገፋ ትንሽ ፍጡር የማያሳዝነው ልጅ የለምና። የሠሩት ሰዎችም ክፋት አስበው ነው አንልም፤ የሳሙና ሥራ እድፍ ማጠብ ነው። ነገር ግን ግፉን የሚያርቀው ፍርድ መሆኑ ቀርቶ ሳሙና ሆነ፤ ጥቍርነትም ከጭቃ ጋራ አንድ ተቈጥሮ ታጠበ። ከእነዚያ ልጆች የአንዳንዶቹ አባቶች ከ1935 እስከ 1941 ዓ.ም. በጦር ወደ አገራችን መጥተው የነበሩ ናቸው፤ ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጨዋታ እንደ ሌሎቹ በሳቅ ብቻ ልንሸኘው አይሆንልንም። በኛ ቤት እናት ልጇን «ጥቁሬ» ብላ ስትጠራው ማቈላመጧ ነው፤ «ታጥበህ ና» ስትለውም እድፉን እንጂ መልኩን ማለቷ አይደለም። ደግነቱ ካሊሜሮ ከሳሙናው ተለይቶም ኖረ፤ በ1974 ዓ.ም. ጃፓኖች ለብቻው የልጆች ተረት አድርገው ሲሠሩት ጥቍሩ ጫጩት ጥቍር እንደ ሆነ ቀረ።

ካሮዜሎ የቀረው በወጪው ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚታይ ጨዋታ የሚከፈለው ገንዘብ በዛ፤ በብዙ አገር የሚነግዱ ትልልቅ ማኅበሮችም ደጋግሞ የሚታየውን አጭር ማስታወቂያ መረጡ። የመጨረሻው በጃኑዋሪ 1 ቀን 1977 ዓ.ም. ታየ፤ ዘፋኟ ራፋኤላ ካራ ስቶክ የሚባለውን መጠጥ አመስግና ተመልካቹን ተሰናበተች። በሚቀጥለው ወር የኢጣልያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሳየቱን በደንብ ጀመረ፤ ካሮዜሎ ግን በጥቍርና በነጭ እንደ ተወለደ በጥቍርና በነጭ አለፈ። ከዚያ ማታ ወዲህ የኢጣልያ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስተኛት ራሳቸው ሰዓት መመልከት ግድ ሆነባቸው።