ተደባደቡ ወይስ ደበደበው?



ከፍኖተ ሰላም ተማሪ ስለ ጠብ መስማት ያስገርማችሁ ይሆናል፤ የከተማችን ስም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነውና። ነገሩ ግን የቋንቋ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ «ፋይት» የምትለውን ቃል ገና ከታችኛው ክፍል ያውቃታል። በድርሰት ደብተሩ ላይ ሁለት ልጆች ቢተናነቁ «ፋይት»፤ ሰው በገበያ ቢደባደብ «ፋይት»፤ አርበኛ ከጠላት ጋር ቢዋጋም «ፋይት» ይላል። ቃሊቱ ስሕተት የለባትም፤ ይህን ሁሉ ሸክም ለብቻዋ ማሸከም ግን ግፍ ነው።

በአማርኛ ማንም እረኛ ትግልን ከቡጢ፥ ቡጢንም ከጥፊ አያምታታም። እንግሊዞችም እንዲሁ ይለያሉ። ተያይዞ ለመጣጣል የሚደረገው ትግል «ሬስሊንግ» ነው፤ የቃሉ ሥር መጠምዘዝን ያመለክታል። በጡጫ ብቻ ሲሆን «ቦክሲንግ» ይባላል። ጥፊ «ስላፕ»፥ እርግጫ «ኪክ» ነው። ኩርኩምን ግን በጣት አንጓ አናትን መምታት ብሎ ማስረዳት ይቀላል። እምብዛም ሳይጎዳዱ መገፋፋትና መጓተት «ስካፍል» ሲሆን፥ ብዙ ሰው የገባበትና ጩኸት የበዛበት አምባጓሮ «ብሮል» ነው፤ የጠጅ ቤት ቃል ነው ብንል አያስነቅፈንም።

እጅግ ደስ የሚያሰኙት ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ የተገናኙባቸው ቃላት ናቸው። እረኞች በዱላ ሲጫወቱ ጨዋታውን ምክቶሽ ይሉታል፤ መመከት ከሚለው የመጣ ነው። እንግሊዞችም የሰይፍ ጨዋታን «ፌንሲንግ» ያሉት መከላከል ከሚለው «ዲፌንስ» ቆርጠው ነው። ሁለቱም ስሙን ያወጡት ከመምታቱ ሳይሆን ከመመከቱ ነው። «ኮምባት» የሚለውም ከላቲን ሲመጣ ትርጓሜው እርስ በርስ መመታታት ስለ ነበር፥ ከእኛው ድብድብ ጋር ወንድማማች ይመስላል።

ወደ ጦር ሜዳ ስንሄድ ደግሞ ሌላ መለያየት አለ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጌዴዎን የተባለው የዊንጌት ጦር በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ላይ በጥቂት ሰው እየተጠጋ፥ ተኩሶ እየተመለሰ የጣልያንን ጦር ሲያስጨንቅ የነበረው «ስኪርሚሽ» ነው። ጣልያኖች ቡሬን ለቅቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍጉ ደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች ጋር ፊት ለፊት የገጠሙት ግን «ባትል» ነው። «ዋር» የሚባለው ይህን ሁሉ የሚጠቀልለው ጦርነት ነው።

አሁን ዋና ወደ ሆነው ነገር ልምጣ። ደበደበ ስንል መቺው አንድ ወገን ነው፤ ተደባደበ ስንል ግን ሁለቱም እጃቸውን አንሥተዋል። በእንግሊዝኛም «ቢት» የአንድ ወገን፥ «ፋይት» የሁለት ወገን ነው። በመካከላቸው አደገኛ የሆነችው የእኛዋ ተጣሉ ናት፤ መኰራረፍም፥ መሰዳደብም፥ መማታትም በእርስዋ ይነገራሉ። ጉልበተኛው ተማሪ ከወንዝ ዳር ትንሹን ልጅ ጠብቆ ቢመታውና ያየው ሰው «ተጣሉ» ብሎ ቢመሰክር፥ ሽማግሌው ሁለቱንም ይቅር ተባባሉ ይላቸዋል፤ የተመታውም ይቅርታ ጠያቂ ይሆናል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በትዳርም እንዲሁ ነው። ባል ሚስቱን ሲመታ ጎረቤት «ባልና ሚስት ተጣሉ» ብሎ ያልፈዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ይህ «አሶልት» እንጂ «ፋይት» አይደለም።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከሰፈር ወሬ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እጅ እልፊትን ከአካል ጉዳት ለይቶ ይደነግጋል፤ በትዳር ጓደኛ ላይ ስለሚፈጸም ጥቃትም በአንቀጽ 564 ይናገራል። እንግሊዞች ደግሞ «አፍሬይ» የሚሉት ወንጀል አላቸው፤ ፈራ የሚለው «አፍሬይድ» ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ወንጀሉ የሚመዘነው በቦታው ቢገኝ መጠነኛ ጽናት ያለውን ሰው የሚያስፈራ በመሆኑ ነው።

የተመታው ልጅ ራሱን ለማዳን ክንዱን ቢያነሣስ? እንግሊዞች «ሴልፍ ዲፌንስ» ይሉታል፤ ሕጋችንም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል ብሎ ያውቀዋል። በእረኞቹ አነጋገር ይህ ልጅ መከተ እንጂ ተማታ አይባልም።