በፊደል ጎረቤት፣ በግስ ዘመድ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሽሮ ሜዳም ሆነ ፓስተር አካባቢ የሚኖር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የቃላት ደብተሩን ከሚሞሉት መካከል ረጃጅሞቹን ቶሎ ይለምዳቸዋል። የሚያምታቱት መልካቸው የሚመሳሰለው ናቸው። ኮንታክት፣ ኮንቴይን፣ ኮንቴንት እና ኮንቴስት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎቻቸውም አንድ ናቸው። ፍቺያቸው ግን ግንኙነት፣ በውስጥ መያዝ፣ ይዘት እና ውድድር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከአንድ የላቲን ግስ የተወለዱ ሲሆኑ ሌሎቹ መነሻቸው የየራሳቸው ነው።

አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንደ እንግሊዝኛዎቹ ሁሉ፣ ቃልን የሚደረድረው በፊደል ተራ ነው። ዘመድም ባዳም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ተራውን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ፣ የፈለገውን ያገኛል።

በነባሮቹ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን ቃል እንዲህ አይገኝም። «መስበሪያ»ን በ«መ»፣ «ተሰበረ»ን በ«ተ»፣ «አሰባበር»ን በ«አ» የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክማል። ሦስቱም ከ«ስብራት»ና ከ«ሰባራ» ጋር «ሰበረ» ሥር ናቸው። ስለዚህ አንባቢው መጀመሪያ ቅጥያውን አራግፎ ግሱን ማግኘት አለበት። መዝገቡን ለመክፈት ራሱ ሰዋስው ይጠይቃል ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ አንድ ቃል ፍለጋ የገባ ሰው ቤተሰቡን በሙሉ ተዋውቆ ይወጣል።

አማርኛም ግን የራሱ አምታቾች አሉት። «ፈለቀ»፣ «ፈለገ»፣ «ፈለጠ» ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው፤ የሚለያዩት በመጨረሻው ብቻ ነው። «ፈለጠ»ን ከ«ፈለቀቀ» እና ከ«ፈለፈለ» ጋር ያነጻጸረ ሰው፣ አንድን ነገር ከሌላው የመለየት ሐሳብ በሁሉም ውስጥ እንዳለ ሊሰማው ይችላል። ደስ የሚል ግምት ነው፤ «ፈለገ» ላይ ሲደረስ ግን ይሰናከላል። የፊደል መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ተራው ራሱ ደግሞ አንድ አይደለም። በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ በተማሪያቸው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የተደከመበት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ስላረፉ መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም፤ ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሱት ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የደስታ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ኪዳነ ወልድ የመረጡት ተራ አበገደ ነው። በሀለሐመ ተራ «ፈለቀ» ይቀድማል፣ «ፈለገ» ይከተላል፣ «ፈለጠ» መጨረሻ ይመጣል። በአበገደ ግን «ገ» ሦስተኛ ፊደል በመሆኑ «ፈለገ» ፊት ይሆናል፤ «ፈለቀ» ከ«ፈለጠ» በኋላ ይወርዳል። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት «ከሣቴ ብርሃን» ሁላችንም በልጅነት የቆጠርነውን ሀለሐመን ይከተላል።

የጉለሌ መምህራን ሆይ፣ ለእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት አጠቃቀም ከምትሰጡት ጊዜ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ለአማርኛው ቀንሱለት። ተማሪው «አስመዘገበ» የሚለውን «መዘገበ» ሥር ፈልጎ እንዲያወጣ አድርጉት።