«አጉርስ» ወይስ «ወጥር»?

ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ»፥ ምንሽርም ከ«ማንሊኸር» መጥተው ከመሣሪያው ጋር ገቡ። አስቸጋሪው ስሙ ሳይሆን የአተኳኮስ ስልቱ ነው። ከሩቅ የሚያነጣጥር አዳኝ የጠመንጃውን መንታ እግር መሬት ላይ ተክሎ፥ ከኋላው ቀጥ ብሎ ተኝቶ፥ ሰደፉን በትከሻው በስሱ ወደ ፊት ይገፋል፤ እግሮቹ ሲወጠሩ ጠመንጃው በተኩስ ጊዜ ብዙ አይዘልም። ይህን ግፊትና ጥይት ማግባትን እንግሊዝኛ በአንድ ግሥ ይጠራቸዋል። ተርጓሚው ሳያስተውል «አጉርስ» ቢል፥ አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በሰንበቴ የእሑድ ገበያ እንኳ የሚሰማው ሁሉ የሚረዳው ጥይት ማግባትን ነው፤ ገና ዒላማውን ያልለየ ሰው ባዶውን ጠመንጃ ያጎርሳል። ስለዚህ ለመሣሪያው «መንታ እግር»፥ ለግፊቱ «እግሩን ወጥር» ማለትን እመርጣለሁ። «ድጋፍ» ግን ከሰደፍ ሥር ለሚገባው ከረጢትም ስለሚሆን አይለይም።