ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ስም፣ ሁለት መዝገብ

በመርሐቤቴ የምትገኘው ከተማ በዲጂታል የአድራሻ መዝገብ አንድ ጊዜ «ዓለም ከተማ»፣ ሌላ ጊዜ «አለም ከተማ» ተብላ ብትጻፍ አንባቢ አይደናገርም፤ ኮምፒውተር ግን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ «ዓ»ን በ4819፣ «አ»ን በ4768 ስለሚያውቅ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር አንዱን አድራሻ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። በ09 የሚጀምር ስልክ በ+2519 ሲመዘገብም ተመሳሳይ ችግር ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ድግግሞሽ ከመዋሐዱ በፊት ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ፊደላት፣ እንዲሁም የስልክ ቁጥሮች ወደ አንድ አጻጻፍ ይመጣሉ። ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ሰዎች ብዙ በመሆናቸው ስም ብቻውን ሁለት መዝገቦች የአንድ ሰው ለመሆናቸው በቂ ማስረጃ አይሆንም። በስልካችሁ መዝገብ «ኃይሉ»ንና «ሀይሉ»ን በየተራ ፈልጉና ውጤቱን አነጻጽሩ።