ሳል ሳይጀምር ሥራውን ጠይቁ

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት የባለሙያዎች መንደር ናት፤ የባለሙያ ሳንባም ጥንቃቄ ይገባዋል። በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ከተማ አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ሲያፈርስ ብናኙን የተነፈሰ ሰው፣ የሳንባ ካንሰር ቢይዘው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ ሲጋራ ሲታከልበት አደጋው እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ ሳል እስኪመጣ መጠበቅ መዘግየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በአነስተኛ ጨረር የሚነሣ ሲቲ ስካን ከደረት ራጅ ይልቅ ብዙ ባጨሱ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰር ሞትን በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። «የቲቢ ጠባሳ በበዛበት አገር ምርመራው ጠባሳውን ካንሰር እያስመሰለ ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል» የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ መልሱ ግን ምርመራውን መተው ሳይሆን ከፍተኛ ተጋላጮችን መምረጥ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሐኪሞች፣ የታካሚውን የቀድሞ ሥራ ጠይቁ፤ ሠራተኞች፣ ሳትጠየቁም ንገሩ፤ ሲጋራውንም ተዉ።