የፕሬዚዳንት ፊርማ እስከ የት ድረስ ይሠራል?



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2017 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በሳምንቱ አንድ ትዕዛዝ ፈረሙ። የኢራን፣ የኢራቅ፣ የሊቢያ፣ የሶማሊያ፣ የሱዳን፣ የሶሪያና የየመን ዜጎች ለ90 ቀናት አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክል ነበር። የሰባቱም አገሮች አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ትዕዛዙ ሲፈረም አየር ላይ የነበሩ መንገደኞች ቪዛቸውን እንደያዙ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታገቱ። ለመሆኑ አንድ ሰው በፊርማው ብቻ ይህን ማድረግ ይችላል?

በአሜሪካ ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው። የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጥ መመሪያ ሲሆን፣ ጉልበት የሚያገኘው ከሕገ መንግሥቱ ወይም ኮንግረስ ካወጣው ሕግ ነው። ለዚህ ዋናው ማስረጃ የ1952ቱ የብረት ፋብሪካዎች ጉዳይ ነው። የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ሳለ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ሊመቱ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ምርት እንዳይቋረጥ ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲረከብ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ትዕዛዙን ሻረው። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በዚያ ጉዳይ የጻፉት መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል፦ ፕሬዚዳንት ኮንግረስ ሲደግፈው ሥልጣኑ ከፍ ይላል፤ ኮንግረስ ዝም ሲል ያጠራጥራል፤ የኮንግረስን ፈቃድ ሲጻረር ደግሞ እጅግ ዝቅ ይላል።

ወደ ጉዞ እገዳው እንመለስ። የሲያትሉ የፌዴራል ዳኛ ጄምስ ሮባርት በሳምንቱ ትዕዛዙ በመላ አገሪቱ እንዳይፈጸም አገዱ። ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት እገዳውን አላነሳም። መንግሥት ትዕዛዙን ትቶ እንደገና ጻፈ፤ ኢራቅ ወጣች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው ተተዉ። ሦስተኛው ቅጂ ግን በጁን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ 5 ለ4 ጸደቀ።

ምክንያቱ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ መግባታቸው አገሪቱን ይጎዳል ብሎ ፕሬዚዳንቱ ያመነባቸውን የውጭ ዜጎች እንዲያግድ ይፈቅዳል። ማለትም ቁልፉን ያስረከበው ራሱ ኮንግረስ ነው። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው ትራምፕ በምርጫ ዘመቻ ስለ ሙስሊሞች የተናገሩትን እየጠቀሱ ተቃወሙ፤ በእኔ ግምት ትክክል ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን አልበቃም።

በፊርማ የመጣ በፊርማ ይሄዳል፤ ጆ ባይደን ጃንዋሪ 20 ቀን 2021፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው፣ እገዳውን ሻሩት። በጁን 2025 ትራምፕ በዚያው ሕግ ተመርኩዘው 12 አገሮችን ሲያግዱ፣ ጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሱዳንና ሶማሊያ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሕጉን መለወጥ የሚችለው ኮንግረስ እስካሁን አልነካውም።