ትራክተሩ ለመሬቱ ይለካ
ለጎበሳና ለአካባቢዋ ገበሬዎች የሚስማማው የእርሻ መኪና የትኛው ነው?

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት የባለቤቱን ትከሻ ይለካል። ጫማ ሻጭም የእግርን ቁጥር ሳይጠይቅ ጫማ ከመደርደሪያ አያወርድም። ትራክተር ለመግዛት ወደ ከተማ የሚወርድ ገበሬ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የኪሱን ልክ እንጂ የመሬቱን ልክ አይደለም። ሻጩም «አባባ፣ ይህኛውን ይውሰዱ፤ ጉልበት አለው» ይለዋል። ጉልበት እንዳለውስ እሙን ነው፤ ዳሩ ግን ያ ጉልበት ለየትኛው አፈር፣ ለምን ያህል መሬት፣ በዓመትስ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል የሚነግረው ጥቂት ሰው ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጉዳይ፣ በአርሲ ዞን በሽርካ ወረዳ የምትገኘውን ጎበሳን በአብነት ወስደን፣ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምር አስበናል።

የጎበሳ አገር ደጋ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና ተልባ የሚበቅልበት፣ በተዳፋቱ ቀይ አፈር፣ በሜዳው ደግሞ ጥቁር መረሬ የሚገኝበት ነው። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የስንዴ ዘር ሲያሻሽል፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የቢራ ገብስ ሲቀበል ብዙ ዘመን አስቆጥረዋል። በመከር ወራት ኮምባይነር ተከራይቶ በኩንታል ሒሳብ ማሳጨድም በአርሲ የተለመደ ነገር ሆኗል። ስለዚህ የሞተር ድምፅ ለአካባቢው ገበሬ እንግዳ አይደለም። ያልተመለሰው ጥያቄ፣ አንድ ወይም ሁለት ሄክታር ያለው ሰው ምን ዓይነት ትራክተር ያስፈልገዋል? የሚለው ነው።

ያለፈው ዘመን ምን ያስተምራል?

ወደ ፈረስ ጉልበት ሒሳብ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። አርሲ ከትራክተር ጋር የተዋወቀችው በቀላል መንገድ አልነበረም።

በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው፣ በአጭር ስሙ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራውን ሲጀምር ዓላማው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ፤ በበሬ የሚጎተቱ መሣሪያዎችንም ለማሻሻል ደከመ። ምርቱም አደገ። ይሁን እንጂ የስንዴ እርሻ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑ በታየ ጊዜ፣ ከጭሰኛው የሲሶና የእኩል ድርሻ ሲቀበሉ የነበሩ ባለርስቶች መሬቱን ራሳቸው በትራክተር ማረስ መረጡ። በዚያን ጊዜ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ስለነበረ መኪናውን ማግኘት አላስቸገራቸውም። ትልቁ ትራክተር ደግሞ ሰፊና ያልተቆራረጠ ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳው የተገኘው ጭሰኛው ከነቤተሰቡ እየተነሣ ነው። በዚህ ዓይነት በጭላሎ ብዙ ቤተሰቦች ከኖሩበት ቀዬ ተፈናቀሉ።

በዚህ ላይ መኪናው ጥፋት አልነበረበትም። ነገሩ የተበላሸው መኪናው ለመሬቱ መለካት ሲገባው፣ መሬቱና በላዩ የሚኖረው ሰው ለመኪናው በመለካታቸው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ትልልቆቹ ትራክተሮች ወደ መንግሥት እርሻዎች ሄዱ፤ ናዝሬት ላይ የተተከለው ፋብሪካ የገጣጠማቸው ቤላሩሶችም ወደ 80 የፈረስ ጉልበት የሚጠጉ ነበሩ። አነስተኛው ገበሬ በበሬው ቀረ። ዛሬ በጎበሳ የምናየው ማሳ፣ ለልጅ እየተከፈለ በመጣ ይዞታ ላይ የተመሠረተ፣ ብዙ ጊዜም በሁለትና በሦስት ቦታ የተበታተነ ነው።

አስቀድሞ መሬትን መለካት

ባላገሩ የራሱ ጥሩ መለኪያ አለው፤ እርሱም ጥማድ ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ከሄክታር ሩብ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ 1 ሄክታር ስንዴ 4 ጊዜ ይታረሳል ብንል፣ ገበሬው ከበሬው ኋላ 16 ቀን ይውላል ማለት ነው። ትራክተርን በዚሁ ሚዛን ማመዛዘን ይቻላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚይዘውን ስፋት በሰዓት በሚሄደው ርቀት ማባዛት፣ ከዚያም ለመዞሪያና ለመቆሚያ ከሩብ እስከ ሲሶ መቀነስ ነው። ሦስት ምሳሌ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ከ12 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ነጂው ከኋላ እየተከተለ በእጁ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማረሻ ይዞ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሄድ፣ በ8 ሰዓት 0.8 ሄክታር ያህል ይሠራል።

ሁለተኛው ከ25 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሹ ባለ አራት ጎማ ነው። የሚያርሰው ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ በቀን 1.4 ሄክታር ይጨርሳል።

ሦስተኛው ከ80 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነው ትልቁ ነው። አራት ዲስክ ባለው ማረሻ 1 ሜትር ስፋት እየያዘ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በቀን 3.6 ሄክታር ያርሳል።

አሁን ዝናቡ እያሳለፈን በእርሻው ወራት 25 የሥራ ቀን እናገኛለን፣ እያንዳንዱም ማሳ ሁለት ጊዜ ይታረሳል እንበል። ባለ ሁለት ጎማው 10 ሄክታር፣ ትንሹ ባለ አራት ጎማ 17 ሄክታር፣ ትልቁ ደግሞ 45 ሄክታር ያዳርሳሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው። ትልቁ ትራክተር ከጥንቱም የባለ ጋሻው ሰው ልክ ነበር ማለት ነው። የ2 ሄክታር ባለቤት የሆነ ገበሬ ይህን ቢገዛ የራሱን ማሳ ሁለት ጊዜ አርሶ ለመጨረስ ከአንድ ቀን ጥቂት ቢያልፈው ነው። በቀረው ዓመት መኪናው ደጅ ቆሞ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፤ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም።

የደጋው አየርና አፈሩ

በጽሑፍ የተመለከተው የፈረስ ጉልበት በደጋ አገር ሙሉ ሆኖ እንደማይገኝም ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣው እንደሚገባ አይነድም። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ 30 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚያ ሲደርስ 23 ያህል ይሆናል። ተርቦ ያለው ሞተር የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ የደጋ ገበሬ በሒሳብ ካገኘው ጉልበት ላይ ሲሶውን ያህል ጨምሮ መጠየቅ አለበት። ይህን የምንለው ትልቁን እንዲገዛ አይደለም፤ በልኩ የተመረጠው እንዳያንሰው ነው።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ጭቃ ነው። ከባድ ትራክተር በእርጥብ መረሬ ላይ ከገባ አፈሩን ከሥሩ ይጠቀጥቀዋል፤ ውሃ አይሰርግም፣ የስንዴውም ሥር ወደ ታች አይወርድም። እጅግ ቀላል የሆነው ደግሞ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ማረሻውን አይስብም። ለእንዲህ ያለው አፈር አራቱም ጎማ የሚስብ ትንሽ ትራክተር፣ ሁለት ጎማ ብቻ ከሚስብ ከበድ ያለ ይሻላል። ባለ ሁለት ጎማውን የገዛ ሰውም የደረቀ መረሬን ሊገለብጥበት አይሞክር፤ አፈሩ እርጥበት ሲያገኝ፣ ለቀላል እርሻና በመስመር ለመዝራት ያውለው።

ተዳፋቱን በሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር። ትራክተር ሰው የሚገድለው ብዙውን ጊዜ በመገልበጥ ነው። ከነጂው በላይ የመገልበጥ መከላከያ ብረትና የወንበር ቀበቶ የሌለውን ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ነፍስን በገንዘብ መለወጥ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከኋላ የሚሽከረከረው ዘንግም ጋቢና ነጠላ ይጠመጥማል፤ መሸፈኛው ያልወለቀ መሆኑን ማየት፣ ልብስንም ሰብሰብ አድርጎ መቅረብ ይገባል።

ማረስ ብቻ አይደለም

ትራክተር በዓመት 25 ቀን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዋጋውን አይመልስም። ስለዚህ ገዢው «ምን ያህል ያርሳል?» ከማለት አልፎ «ከእርሻ ወራት ውጭ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ተሳቢ ጋሪ ተቀጥሎለት እህል ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያ ወደ ማሳ ያመላልሳል። መውቂያ፣ የውሃ መሳቢያ፣ መዝሪያና መርጫ ያንቀሳቅሳል። የመሣሪያዎቹ ማያያዣ በአገር ውስጥ ከሚገኙት ጋር የሚገጥም መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበጃል፤ ማያያዣው ያልገጠመ መሣሪያ ብረት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ መለዋወጫ አለ። ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ የዘይትና የናፍጣ ማጣሪያ አሰላ ወይም አዳማ ይገኛል? መኪናውን የሚያውቅ መካኒክስ ቅርብ ነው? በሰኔ ውስጥ ለአንድ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት የቆመ ትራክተር የዓመቱን ዘር አሳልፏል። ስሙ ገናና ከሆነውና መለዋወጫው ከራቀው ይልቅ፣ ጎረቤት የሚነዳውና ጋራዡ የሚያውቀው ይመረጣል።

የብቻ ወይስ የጋራ?

እዚህ ላይ የሌሎችን አገሮች ልምድ ማየት ይጠቅማል። በጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሬት ለአራሹ ሲከፋፈል፣ የአንድ ገበሬ ይዞታ በአማካይ 1 ሄክታር ገደማ ነበር። ፋብሪካዎቹ መኪናውን አሳነሱለት እንጂ ገበሬውን ከመሬቱ አላነሡትም። ባንግላዴሽም በ1988 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በጎርፍና በዐውሎ ነፋስ ብዙ የእርሻ ከብት ካለቀባት በኋላ በትንንሽ ሞተሮች ላይ የነበረውን የማስገቢያ እገዳ አነሣች። ዛሬ አብዛኛው መሬቷ የሚታረሰው በባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ገበሬ ትራክተር አልገዛም፤ አንዱ ገዝቶ ለጎረቤቶቹ በክፍያ ያርሳል።

በእኛም አገር ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ከ2005 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአርሲ ይህንኑ መንገድ ሞክሯል። ወጣቶች ባለ ሁለት ጎማውን ይዘው በክፍያ እንዲዘሩ፣ እንዲወቁና እንዲያጓጉዙ ማድረግ ነው። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ፈቅዷል። ከካዱ ዘመን ጋር ስናስተያየው የቀረጡ ነገር አንድ ነው፤ ልዩነቱ መሆን ያለበት ማን ይጠቀምበታል በሚለው ላይ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አሥራ ሰባት ባለ አንድ ሄክታር ጎረቤታሞች አንድ ትንሽ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ቢገዙ ሒሳቡ ይገጥማል። ማሳቸውን በኩታ ገጠም አሰልፈው አንድ ዓይነት ሰብል ቢዘሩ፣ መኪናው በመዞር የሚያጠፋው ጊዜ ይቀንሳል፤ ይዞታው ግን የየራሳቸው እንደሆነ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ነጂው ማን እንደሚሆን፣ ተራው በማን እንደሚጀምር፣ ለጥገና በየሄክታሩ ስንት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ያስፈልጋል። የማኅበር ትራክተር የሚፈርሰው በሞተር ብልሽት ሳይሆን በተራ ጭቅጭቅ ነውና። መተማመን ካልተገኘ ደግሞ ተከራይቶ ማሳረስ ምንም ነውር የለበትም። ኮምባይነርን የራሱ ሳያደርግ ለዘመናት የተጠቀመበት የአርሲ ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ከልኩ በላይ የሆነ ትራክተር በብድር የገዛ ሰው፣ ዕዳውን ለመክፈል የጎረቤቶቹን መሬት መሰብሰብ ይጀምራል። በሬ የሌላቸውን አሮጊቶችና ችግር የያዛቸውን ወጣቶች እየፈለገ ማሳቸውን ለረጅም ዘመን ይኮናተራል። ያም ካላዋጣው መኪናውም መሬቱም ከእጁ ይወጣሉ። ያዋጣው እንደሆነ ደግሞ ጎረቤቱ በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ይህ በአርሲ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ስለሆነ ሁለተኛ እንዲታይ አንመኝም።

ስለዚህ የጎበሳ ገበሬ ወደ ሻጩ ከመሄዱ በፊት ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ማሳውን ይርገጥ። ስፋቱን፣ አፈሩን፣ ተዳፋቱን፣ የድልድዩንና የበሩን ስፋት ይመልከት። ከጎረቤቶቹ ጋር ይምከር፤ መካኒኩን ይጠይቅ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተገዛ መኪና በችኮላ ይሸጣል። በልኩ የተመረጠ ትንሽ ትራክተር ግን መሬቱን ያርሳል፣ የበሬውን ድካም ያቀልላል፣ ገበሬውንም በቀዬው ያቆየዋል።